ከምክር በፊት ያለው ሥራ

ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት፣ ጎረቤትና ዘመድ በሞላበት አገር ሠልጥኖ የሰው ጭንቀት የሚሰማ ባለሙያ ለምን ያስፈልጋል? ጥያቄው የብዙ ሰው ነው። በዚህ ምልልስ ጠያቂው ዕድሜያቸውን በሽምግልና ያሳለፉ የእድር ሰብሳቢ ናቸው። መላሿ ደግሞ በምክር አገልግሎት ሙያ ተመርቃ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ የእህታቸው ልጅ ናት። ከእሁድ ምሳ በኋላ እሳቸው ቤት ተቀምጠዋል።

አዛውንቱ፦ እስቲ ዛሬ ጊዜ አለሽና እስከ ዛሬ ያልጠየቅኩሽን ልጠይቅሽ። ስትመረቂ ደስ ብሎኛል፣ እልል ብለናል። ግን ሰው «የእህትህ ልጅ ሥራዋ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ሰው ትመክራለች» እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የምለው ይጠፋኛል። በዚህ አገር የማይመክር ማን አለ? ታክሲ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው ሳይቀር ይመክርሻል።

አማካሪዋ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ፤ ምክር አልጎደለንም። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ምክር ጠግቦ ነው የሚመጣው። እናቱ መክረውታል፣ ጓደኛው መክሮታል፣ አለቃው መክሮታል። ያሉት ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ጭንቀቱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳያቋርጥና ሳይፈርድ የሰማው አንድ ሰው ላይኖር ይችላል። የእኔ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አዛውንቱ፦ መስማቱንማ እኛም እንሰማለን። ግራ ቀኙን ሳይሰማ የሚፈርድ ሽማግሌ አለ?

አማካሪዋ፦ የለም። ግን እርስዎ የሚሰሙት ለመፍረድ ወይም ለማስታረቅ ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው እርስዎ ፊት ሲቀርቡ ሐሳብዎ ትዳሩ እንዳይፈርስ፣ ልጆች እንዳይበተኑ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ እኔ ልሥራው ብል አልችለውም። ግን ሽምግልናው ሚስቲቱ ለብቻዋ ሆና «እኔ ምንድን ነው የምፈልገው? ምንድን ነው የሚያስፈራኝ? እስከ የት ድረስ እችላለሁ?» ብላ የምታስብበት ቦታ አይደለም። እዚያ የምትናገረው ነገ በሰፈሩ ዘንድ ታሪኳ ሆኖ ይኖራል፤ ስለዚህ መርጣ ነው የምትናገረው። እኔ ዘንድ ስትመጣ ትዳሩን ለማትረፍም ለማፍረስም አልተሰለፍኩም። የማደምጠው እሷን ነው።

አዛውንቱ፦ አልተሰለፍኩም ትያለሽ። ባሏ የሚደበድባት ብትሆንስ? ያኔም ዝም ብለሽ ታዳምጫለሽ?

አማካሪዋ፦ ያኔ ደኅንነቷ ይቀድማል። ዛሬ ማታ የት እንደምታድር፣ ማን እንደሚያስጠጋት፣ ልጆቹ እነማን ጋ እንዳሉ ሳንነጋገር ስለ ስሜቷ ብቻ ባወራ ሙያውን አላውቀውም ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማነጋገርም በዚያ ሰዓት አይደረግም። እሱ ፊት የተናገረችው ነገር ቤት ስትገባ ሊያስመታት ይችላል። እንዲያውም ይህን ለሽማግሌዎችም ብነግር ደስ ይለኛል።

አዛውንቱ፦ ይህስ የሚያስቆጣ አይደለም፤ ልክ ነሽ። እሺ፣ ሽማግሌውን ተይው። የንስሐ አባትስ? ሚስጥር ይጠብቃሉ፣ አይታዘቡም፣ ሰው ሆዱን ገልጦ ይነግራቸዋል።

አማካሪዋ፦ ለዚህ ነው ቄስ ወይም ሼህ ዘንድ የሚሄደውን ሰው «ተው» የማልለው። እምነቱ ብርታት የሚሰጠው ከሆነ ያንን ብርታት አብረን እንይዘዋለን። የሚለየን ይዘንለት የምንቀርበው ነገር ነው። የንስሐ አባት ሰውን ከአምላኩ ጋር ያስታርቃሉ፤ ኃጢአቱን ይሰማሉ፣ ቀኖና ይሰጣሉ። እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ምንም አልበደለም። ልጇን ቀብራ መነሣት ያቃታት እናት አለች። ከዐረብ አገር ተመልሳ ቤተሰቧ መካከል ሆና እንግዳ የሆነች ልጅ አለች። ፈተና በደረሰ ቁጥር እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ፣ ጡረታ ወጥቶ ጧት የሚነሣበት ምክንያት የጠፋበት ሰው አለ። እነዚህ ንስሐ ሳይሆን አብሯቸው የሚያስብ ሰው ነው የሚፈልጉት።

አዛውንቱ፦ «አብሮ ማሰብ» ስትይ አልጨበጥ አለኝ። በወሬ ከምትነግሪኝ አሳዪኝ። እኔ ልናገር፣ አንቺ ሥሪ።

አማካሪዋ፦ ጥሩ። ስንማር ሦስት ሦስት እየሆንን እንዲህ እንለማመድ ነበር። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይሰማል፣ ሦስተኛው የሰሚውን አሰማም ይታዘባል። ዛሬ ታዛቢ የለንም እንጂ ልክ እንደዚያ ነው። በጣም የሚከብደውን አያንሡ፤ ሰሞኑን ሐሳብ የሆነብዎትን አንድ ነገር ይንገሩኝ።

አዛውንቱ፦ ሐሳብስ መቼ ይጠፋል። እነዚያ ወንድማማቾች ናቸው፤ በአባታቸው ቤት የሚካሰሱት። ተስማሙ ብለን ስንነሣ ይፈርሳል። ሌሊት ሌሊት እሱ እየመጣብኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አማካሪዋ፦ ሌሊት እሱ ይመጣብዎታል።

አዛውንቱ፦ ይመጣብኛል። ስንቱን ጠብ አይቻለሁ፤ አንዱንም ይዤ ቤቴ ገብቼ አላውቅም። ይሄኛው አልወጣ አለኝ።

አማካሪዋ፦ ይሄኛው ከሌሎቹ በምን ተለየብዎት?

አዛውንቱ፦ በምን ተለየ… አባታቸው ጓደኛዬ ነበር። አንድ ሰፈር ነው ያደግነው።

(ዝም አለች። እሳቸውም ጥቂት ዝም አሉ።)

አዛውንቱ፦ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ለቀስተኛ ስቀበል፣ ወንበር ሳስመጣ፣ ሰው ስሸኝ እስከ ሣልስቱ ድረስ አረፍ አላልኩም። አሁን ሳስበው እኔ አላለቀስኩም።

አማካሪዋ፦ የሰዉን ሁሉ ሐዘን ሲያስተናግዱ የራስዎ ሳይወጣ ቀረ።

አዛውንቱ፦ ቀረ። ልጆቹ ያንን ቤት ሲጎትቱት እሱን ዳግመኛ የቀበርኩት ይመስለኛል… ታዲያ ምን ላድርግ ትይኛለሽ?

አማካሪዋ፦ እርስዎ ምን ቢያደርጉ የሚቀልልዎት ይመስልዎታል?

አዛውንቱ፦ ከተዝካሩ ወዲህ መቃብሩ ጋ አልሄድኩም። ልሂድ። ልጆቹንም ይዣቸው ልሂድ፤ በሽማግሌነት ሳይሆን በአባታቸው ጓደኝነት። ክሱን ሳላነሣ ስለ እሱ ብቻ ላውራቸው።

አማካሪዋ፦ እዚህ ላይ ላቁም ጋሼ፤ ከዚህ ማለፍ የለብኝም። እኔ የእህትዎ ልጅ ነኝ፤ ወንድማማቾቹንም አውቃቸዋለሁ። ዘመድና ወዳጅ የሆነ ሰው አማካሪ ሊሆን አይገባም፤ ይህ የሙያችን ደንብ ነው። ነገ በበዓል አንድ ማዕድ ላይ ስንቀርብ «ይህችኛዋ ገመናዬን ታውቃለች» ብለው እንዲቀመጡ አልፈልግም። እኔም እርስዎን ስለምወድ በእርስዎ ጉዳይ ሚዛኔ ይዛባል። ሐዘኑ መልሶ ከመጣብዎት ሌላ ባለሙያ ጋ አገናኝዎታለሁ።

አዛውንቱ፦ ደንባችሁ ይከበር። ግን አንድ ነገር ገረመኝ። አንድም ምክር አልሰጠሽኝም፤ መቃብሩን ያነሣሁት ራሴ ነኝ።

አማካሪዋ፦ የተለማመድነው እሱን ነው። መጀመሪያ ያሉትን ቃል መልሼ አቀበልኩዎት፤ የሰማሁዎት መሆኔን እንዲያውቁ ነው። ቀጥሎ በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» የማይመለስ ጥያቄ ጠየቅሁ። «ጠቡ ስለከበደ ነው አይደል?» ብዬ ቢሆን ኖሮ «አዎ» ብለው ይጨርሱት ነበር፤ ጓደኛዎ አይነሣም። ከዚያ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ለጀማሪ በጣም ከባድ ነው፤ አፍ ይበላል። ግን ሰው የከበደውን ነገር የሚያነሣው ሌላው ዝም ሲልለት ነው። በመጨረሻ ከነገሩኝ ውስጥ ስሜቱን ለይቼ አወጣሁት፤ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር ሲነግሩኝ የሰማሁት ሐዘንዎን ነው።

አዛውንቱ፦ «አይዞዎት» እንኳ አላልሽኝም።

አማካሪዋ፦ ከአፌ ላይ ነበር፤ ያዝኩት። «አይዞህ» ደግ ቃል ነው፤ ቦታም አለው። ግን ቶሎ ሲመጣ በር ይዘጋል። ለቅሶ ቤት «በቃሽ፣ አታልቅሺ፣ እግዚአብሔር ያደረገው ነው» ስንል አንዳንዴ የምናረጋጋው የእሷን ሐዘን ማየት የከበደንን ራሳችንን ነው። እሷ ግን ማልቀስ ትፈልግ ነበር። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሥራው ሁልጊዜ እንዲህ አይፈጥንም። እርስዎ ንግግር የለመዱ ሰው ነዎት፤ እኔንም ከልጅነቴ ጀምሮ ያምኑኛል። ከማያውቁት ሰው ጋር መተማመኑ ብቻ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

አዛውንቱ፦ ይህን አሠራር ማን አመጣው? ከየት ነው የተነሣው?

አማካሪዋ፦ ሰው ሰውን ማዳመጥ የጀመረበት ዘመን አይታወቅም። እንደ ሙያ የቆመው ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ የተነሣውም ከሥራ ፍለጋ ነው። ፋብሪካ እየተስፋፋ፣ ከተማው ከገጠርና ከባሕር ማዶ በመጣ ሰው እየተጨናነቀ ሳለ፣ ወጣቱ ያገኘውን ሥራ ይይዝና ብዙም ሳይቆይ ይለቅ ነበር። ፍራንክ ፓርሰንስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ውስጥ ሥራ ለሚመርጡ ወጣቶች የምክር ቢሮ አቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ራስህን እወቅ፣ ሥራውን እወቅ፣ ሁለቱን አገናዝበህ ምረጥ። እሱ በዚያው ዓመት ሞተ፤ መጽሐፉ በማግሥቱ ዓመት ወጣ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ተማሪ የሚያማክሩ ባለሙያዎች የሥራቸውን መነሻ ከእሱ ይቆጥራሉ።

አዛውንቱ፦ ይህ ሥራ ማስመረጥ ነው። አሁን እኔ ላይ ያደረግሽው ግን ሌላ ነው።

አማካሪዋ፦ እሱን ያመጣው ካርል ሮጀርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፉ ያኔ ለብዙ ባለሙያዎች የማይዋጥ ነገር ተናገረ። የሰውየውን ኑሮ ከባለሙያው ይልቅ የሚያውቀው ራሱ ሰውየው ነው፤ ስለዚህ ባለሙያው መንገድ ከማሳየት ይልቅ ሰውየው መንገዱን የሚያይበትን ሁኔታ ያመቻች አለ። በሽተኛ ብሎ መጥራቱንም ተወ፤ ደንበኛ አለው። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ሰው እንዲለወጥ የሚያስፈልጉትን ሁኔታዎች በጽሑፍ ዘረዘረ። ከእነዚያ ውስጥ ሦስቱ እኛ በመጀመሪያው ዓመት የምንማራቸው ናቸው። ባለሙያው አስመሳይ አይሁን። ሰውየውን «እንዲህ ከሆንክ እቀበልሃለሁ» ሳይል ያክብረው። ነገሩንም በሰውየው ዓይን ለማየት ይጣር።

አዛውንቱ፦ ሦስቱንም አንድ ደግ ጎረቤት ያደርገዋል እኮ።

አማካሪዋ፦ ለአንድ ቀን፣ ለሚወደው ሰው ያደርገዋል። የእኛ ፈተና ለማንወደው ሰው፣ ደክሞን ባለንበት ቀን፣ የሚናገረው ነገር የራሳችንን ቁስል በሚነካበት ሰዓትም ማድረግ ነው። ደግነት ብቻውን እዚያ ላይ ያልቃል። ከሮጀርስ በኋላ የመጡትም ብዙ ጨምረዋል። አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተጨነቀ ሰው ስለ ራሱ የሚያስበውን ሐሳብ አንድ በአንድ እያነሡ መመርመርን አስተማረ። «እኔ የማልረባ ነኝ» ላለ ሰው «አይደለህም» ብሎ መከራከር አይጠቅመውም፤ «ይህን ያልከው ምን አይተህ ነው? ለዚያ የሚመሰክር ምን አለ? የሚቃረነውስ?» እያሉ አብሮ ማየት እንጂ። ዊልያም ሚለር ደግሞ መጠጥ ላስቸገረው ሰው ስብከት እልህ ብቻ እንደሚጨምርበት አይቶ፣ ለመተው የሚፈልግበትን ምክንያት ከራሱ አፍ እንዲወጣ የሚያደርግ አጠያየቅ እ.ኤ.አ. በ1983 አስተዋወቀ።

አዛውንቱ፦ እኛ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ነው የምንለው።

አማካሪዋ፦ መከራው ሳይመጣ የምንሞክረው ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው።

አዛውንቱ፦ እሺ፤ አሁን አንድ ነገር ለዪልኝ። የአእምሮ ሐኪም አለ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ፣ አንቺ አለሽ። ሰው ለየትኛው የት ይሂድ?

አማካሪዋ፦ የአእምሮ ሐኪም ሕክምና ተምሮ በአእምሮ ሕመም የተመረቀ ነው፤ መድኃኒት ያዛል፣ አልጋ ያስይዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠባይና አስተሳሰብን ያጠናል፣ ይመረምራል፣ እንደ ሥልጠናው በንግግር ያክማል። አማካሪ ኑሮ ያስጨነቀውን፣ የሚወስነው የጠፋበትን፣ ሐዘን የከበደውን ሰው ይዞ ይሠራል። ድንበሩ አንዳንዴ ይደራረባል። ዋናው ነገር እኔ የማልችለውን ማወቄ ነው። አንድ ሰው ማንም ያልሰማውን ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ለቀናት ሳይተኛ የሚናገረው የማይያያዝ ከሆነ፣ መብላትና መታጠብ ከተወ፣ እሱን እያነጋገርኩ ማዘግየት በደል ነው። ሐኪም ዘንድ እልከዋለሁ። ጸበል መሄድ ከፈለገም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይሂድ እላለሁ።

አዛውንቱ፦ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሂድ ሲባል ሰው ነውር ይመስለዋል።

አማካሪዋ፦ ያ ነውር ብዙ ሰው ጎድቶብናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የምንል ሰዎች የአእምሮን ሲሆን ሆድ ይፍጀው እንላለን። ግን እኮ ይህ አሠራር ለእኛ አገር ሰው ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። በኤች አይ ቪ ጊዜ ያስታውሳሉ? ደም ከመሰጠቱ በፊት ነርሷ በር ዘግታ ታነጋግር ነበር።

አዛውንቱ፦ አስታውሳለሁ፤ «ቪሲቲ» ይሉት ነበር። ከእድራችን ልጆች ጋር ተመርምሬያለሁ።

አማካሪዋ፦ ያ የምክር አገልግሎት ነው። ከምርመራው በፊት «ለምን መመርመር ፈለግክ? ውጤቱ ቢገኝብህ ለማን ትናገራለህ? ማን ይደግፍሃል?» ትል ነበር፤ ከውጤቱ በኋላም ሰውየው ብቻውን እንዳይወጣ ታስቀምጠው ነበር። ለብዙ ሰው ከሠለጠነ ሰው ጋር፣ በር ተዘግቶ፣ በሚስጥር ያወራበት የመጀመሪያው ጊዜ ያ ይመስለኛል። የተማርነው ነገር አለ፤ ለአንድ በሽታ ብቻ ተሠርቶ መቅረቱ ነው የሚያሳዝነው።

አዛውንቱ፦ ሚስጥሩ ነገር። ምንም ቢነግሩሽ አታወጪም?

አማካሪዋ፦ አላወጣም፤ ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑንም ገና መጀመሪያ ቀን፣ ምንም ሳይነግሩኝ በፊት ነው የምናገረው። ራሱን ለማጥፋት የተቃረበ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ካሰበ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ ሚስጥሩን ብቻዬን ልይዘው አልችልም። ቀድሞ ሳይነገረው በኋላ ቢያውቅ እንደ ክህደት ይቆጥረዋል፤ ልክም ነው። ለባል የሚስትን፣ ለወላጅ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃቸውን ጉዳይ ግን ቢለምኑኝም አልናገርም። ገንዘቡን የከፈሉት እነሱ ቢሆኑ እንኳ።

አዛውንቱ፦ ራሱን ስለሚያጠፋ አነሣሽና… እኛም ጋ ደርሷል። አንድ ልጅ ነበር። ፊቱ ሲጠቁር ሁላችንም አይተን ነበር። ግን እንዴት ብለሽ ትጠይቂዋለሽ? ስሙን መጥራት ማሳሰብ ይመስላል።

አማካሪዋ፦ ብዙ ሰው ይህን ይፈራል፤ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክልበት ነው። ብዙ ጊዜ እፎይ ያሰኘዋል፤ ብቻውን ተሸክሞት ነበርና። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሉ ይጠይቁ፦ «ሰሞኑን በጣም ከብዶሃል። መሞት የተሻለ ነው ብለህ አስበህ ታውቃለህ? ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» «አዎ» ካለ አይደንግጡ፣ አይቆጡ፣ «ኃጢአት ነው» ብለው አይጀምሩ። በምን ሊያደርገው እንዳሰበ፣ መቼ እንዳሰበ ይጠይቁ። ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከቤት ይውጣ። ብቻውን አይተውት፤ አብረውት ሆስፒታል ይሂዱ። ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም።

አዛውንቱ፦ ይህን ያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ።

አማካሪዋ፦ ማንም አላስተማራችሁም ጋሼ። ማንም ካላስተማራችሁ ደግሞ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቻድ ቫራ የሚባሉ ቄስ ነበሩ። ገና ወጣት ካህን ሳሉ የቀበሯት ልጅ የወር አበባዋን የአባላዘር በሽታ መስሏት ራሷን ያጠፋች ነበረች፤ የሚነግራት አጥታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ለንደን ውስጥ የቤተ ክርስቲያናቸውን ስልክ ቁጥር አስታውቀው «ራስህን ከማጥፋትህ በፊት ደውልልኝ» አሉ። ሰዉ ጎረፈ። ተራ ሲጠብቁ ሻይ እየሰጡ የሚያስተናግዷቸው በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ቄሱ በኋላ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ብዙዎቹ ከእነዚያ በጎ ፈቃደኞች ጋር ካወሩ በኋላ እሳቸውን ሳያገኙ ቀልሏቸው ይሄዱ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ማዳመጡን ለበጎ ፈቃደኞቹ ለቀቁላቸው። ሳማሪታንስ የሚባለው ድርጅት ዛሬም አለ።

አዛውንቱ፦ ይኸው! ዲግሪ የሌላቸው ናቸው የሠሩት። ክርክሩን ለእኔ አሳልፈሽ ሰጠሽኝ።

አማካሪዋ፦ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ግን ዛሬ ሳማሪታንስ በጎ ፈቃደኛን ሳያሠለጥን ስልክ አያስነሣም። እኔም የምለው ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይግባ አይደለም።

አዛውንቱ፦ እንግዲያውስ ትልቁን ላምጣልሽ። የቤት ኪራይ ያጣች ሴት አንቺ ዘንድ ብትመጣ ትሰሚያታለሽ፣ ታለቅሳለች፣ ትወጣለች። ኪራዩ ግን አልተከፈለም። ላንቺ ደግሞ መክፈል አለባት። ጆሮ በገንዘብ ሲሸጥ ለድሃው ምን ይተርፈዋል?

አማካሪዋ፦ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። ማዳመጥ እንጀራ አይሆንም፤ ፍትሕም አይሆንም። ሥራ ያጣ ሰው የሚያስፈልገው ሥራ ነው። ባለሙያውም በከተማ፣ ክፍያውም ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ዋናው ነገር ይኸው ነው። መልሱን በተሻለ ያሳዩኝ ግን የዚምባብዌ አያቶች ናቸው።

አዛውንቱ፦ አያቶች?

አማካሪዋ፦ አያቶች። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ሐራሬ ይሠራ ነበር። በአገሩ የእሱን ሙያ የያዙ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንዲት ወጣት ታካሚው ሆስፒታሉ ድረስ የሚያመጣት የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ቀረች፤ ራሷን አጠፋች። ሰውየው «ሆስፒታል ተቀምጬ መጠበቅ አይሆንም» አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ምባሬ በሚባለው ሰፈር ሥራ ሲጀምር ክፍልም ነርስም አልተገኘለትም፤ የተገኙት 14 አያቶች ነበሩ፤ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ስር በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ። ደጅ ላይ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተደረገላቸው፤ የወዳጅነት ወንበር አሉት።

አዛውንቱ፦ ምን አስተማራቸው?

አማካሪዋ፦ እሱ አስተማራቸው፤ እነሱም አስተማሩት። «ዲፕሬሽን ምናምን አትበል፤ ሰዉ የሚለው ሐሳብ በዛብኝ ነው» አሉት። አጠያየቁ በራሳቸው ቋንቋ፣ በሾና ሆነ። አሠራሩ እርስዎ ያሏትን ኪራይ ያጣች ሴት ይመለከታል። መጀመሪያ ችግሮቿን ሁሉ ትዘረዝራለች፤ አያቲቱ አታቋርጣትም። ቀጥሎ ሴትዮዋ ራሷ አንዱን ትመርጣለች። ኪራዩ ነው ካለች፣ ስለ ኪራዩ በዚህ ሳምንት ልታደርገው የምትችለው አንድ ትንሽ ነገር ምንድን ነው? ከአከራዩ ጋር መነጋገር ነው? ዘመድ መጠየቅ ነው? እሱን ወስና ትሄዳለች፤ በሚቀጥለው ተመልሳ ምን እንደሆነ ትናገራለች። ችግሩ ሁሉ አንድ ላይ ሲከመር እጅ እግሯን አስሯት ነበር፤ አንዱን ስታነሣ መንቀሳቀስ ትጀምራለች።

አዛውንቱ፦ ውጤት አለው? ወይስ ደግ ወሬ ነው?

አማካሪዋ፦ ተፈትኗል። በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 በታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት መካከል ከመቶ ወደ 50 የሚጠጉት የድብርት ምልክት ነበረባቸው፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት መካከል ግን ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ።

አዛውንቱ፦ እድር ላይ ይህን የሚሠሩ እናቶች ሞልተውኛል።

አማካሪዋ፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ ስለጠየቁኝ ደስ ያለኝ። እድር የሞተ ሰው ቤት በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል፤ የትኛውም ክሊኒክ እንዲህ አይፈጥንም። ግን ድንኳኑ ሲነሣ፣ ሰዉ ሲበተን፣ የሐዘኑ ከባዱ ክፍል ገና ይጀምራል። በአርባው፣ በመንፈቁ ያቺን ሴት «እንዴት አደርሽ?» ብሎ ቁጭ ብሎ የሚሰማት ማነው? እዚያ ላይ ሁለት ሦስት የሠለጠኑ እናቶች ቢኖሩ ስንቱን ያተርፋሉ።

አዛውንቱ፦ ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ አስይዘዋለሁ። የወሬ ጸባይ የሌላቸውን እመርጣለሁ። አንቺ ታስተምሪያቸዋለሽ።

አማካሪዋ፦ አስተምራለሁ፤ ግን በአንድ ቀን ስብሰባ አይደለም። የሐራሬዎቹም ሠልጥነዋል፤ ከዚያም በኋላ ከባዱን ጉዳይ የሚያወያያቸው ኃላፊ ነበራቸው። እኔ ራሴ የሰማሁትን ይዤ ከእኔ የሚበልጥ ባለሙያ ፊት በየጊዜው እቀርባለሁ። የት እንደተሳሳትኩ፣ የቱ ጉዳይ የራሴን ኑሮ እንደነካብኝ አብረን እናያለን። ሱፐርቪዥን እንለዋለን። የሰው ጭንቀት ሲጠራቀም ሰሚውን ይሰብረዋል። እነዚያን እናቶች ያለ ደጋፊ ማሰማራት እነሱንም መጉዳት ነው።

አዛውንቱ፦ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር አልለቅልሽም። አንቺ ሰውን ለብቻው ነው የምታዪው፤ ሰው ግን ለብቻው አይኖርም። ያቺ ሴት ከክፍልሽ ስትወጣ የምትገባው ባሏ፣ አማቷ፣ ጎረቤቷ ያሉበት ቤት ነው። አንቺ ያበረታሻትን ቤቱ ሊሰብራት ይችላል። ሽማግሌ ቤቱን ያነጋግራል።

አማካሪዋ፦ ልክ ነዎት፤ ይህ የሙያችን ጉድለት ነው። ለዚህ ነው ቤተሰብን አንድ ላይ የሚያማክር ዘርፍ የተከፈተው፤ እሱም ቢሆን የሽምግልናን ያህል ሰፈሩን አያውቅም። እኔ እርስዎን ልተካ አልመጣሁም። እርስዎ የሚያስታርቁት ሰው ከመታረቁ በፊት የሚፈልገውን አውቆ እንዲመጣ፣ «እሺ» ሲልም ከልቡ እንዲሆን የማደርገው እኔ ነኝ። ተሸማግለው በማግሥቱ የሚፈርሱት እርቆች አንዳንዶቹ ከሽማግሌው ፊት ያልተነገረ ነገር ስለቀረባቸው ይመስለኛል።

አዛውንቱ፦ ይህንስ ከስንት ጉዳይ አይቼዋለሁ። እሺ፣ ለስብሰባው ሰው የሚጠይቀኝን አስቀድሜ ልጠይቅሽ። ዛሬ በየስልኩ «አማካሪ ነኝ» የሚል ሞልቷል። ደህናውን በምን እንለየው?

አማካሪዋ፦ ይጠይቁት። የት፣ ምን ያህል ጊዜ ተማርክ? የምትወያየው ኃላፊ አለህ? ሚስጥሬን ማን ያየዋል? የማትችለው ሲሆን ወዴት ትልከኛለህ? ደህናው ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም። በአንድ ቀጠሮ እፈውስሃለሁ የሚል፣ ከሐኪም መድኃኒት የሚያስተው፣ የሌላ ሰው ታሪክ በስሙ የሚያወራ፣ «ያለ እኔ አትኖርም» የሚል ከሆነ ይሽሹት። የጥሩ አማካሪ ሥራ ሰውየው አንድ ቀን እሱን እንዳይፈልገው ማድረግ ነው።

አዛውንቱ፦ የእድሩ እናቶች መጀመሪያ የሚማሩት ምንድን ነው? ምክር አሰጣጥ?

አማካሪዋ፦ እሱ መጨረሻ ነው፤ ምናልባትም አያስፈልግ ይሆናል። መጀመሪያ የሚማሩት ሳያቋርጡ መስማት፣ ቀጥሎ የሰሙትን መጠበቅ፣ ሦስተኛ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበን ሰው በግልጽ መጠየቅ፣ አራተኛ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ማስተላለፍ ነው። እነዚህን አራቱን የያዙ እናቶች በአንድ እድር ውስጥ ካሉ፣ ሰፈሩ ሐኪሙንም እኔንም ሳይጠብቅ ብዙ ሕይወት ያተርፋል።

አዛውንቱ፦ እኔም ከእነሱ ጋር እማራለሁ። ሽማግሌ ነኝ ብዬ ከፊት አልቀመጥም።

አማካሪዋ፦ ይምጡ ጋሼ። እርስዎ ከመጡ ሌሎቹ ወንዶችም ይመጣሉ። ከሁሉ በላይ የሚሰማቸው ሰው ያጡት ደግሞ የእኛ ወንዶች ናቸው።